ሰውየው ከሞተ በኋላ እንዴት አወቅን? የሜንዴል አተርና የታሪክ ሥራ



የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ ዘር ውርስ ስናስተምር “መምህር፣ ሜንዴል ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሁሉ መሥራቱን በምን አወቃችሁ?” አለን። እውነት ለመናገር “መጽሐፉ ላይ አለ” ከማለት ሌላ መልስ አልነበረንም። መጽሐፉስ ከየት አመጣው?

ግሪጎር ሜንዴል ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ በብርኖ ከተማ የኖረ የካቶሊክ መነኩሴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 በገዳሙ ግቢ አተር እየዘራና እያዳቀለ ውጤቱን ቆጠረ። ክብና የተጨማደደ ፍሬ ያላቸውን አተሮች ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ክብ ሆነ። በሁለተኛው ትውልድ ግን 5,474 ክብ፣ 1,850 የተጨማደደ ፍሬ አገኘ። አካፍላችሁ እዩት፣ ወደ 3 ለ 1 ይጠጋል። ውጤቱን በ1865 በከተማው የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ፊት አነበበ፤ በ1866 ታተመ። ብዙ ሰው ልብ ሳይለው በ1884 አረፈ። ሥራው እንደገና የታወቀው በ1900 ነው።

ታዲያ የታሪክ ሰዎች ይህን ያወቁት በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ የታተመው ጽሑፍ አለ። ባለቤቱ ራሱ በጊዜው የጻፈው ስለሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ይባላል። ቢሆንም ዝም ብሎ አይታመንም። በ1936 ሮናልድ ፊሸር የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ ቁጥሮቹን መርምሮ “ከሚገባው በላይ አምረዋል” የሚል ጥያቄ አነሳ፤ ብዙ ዓመት አከራክሯል።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤዎች አሉ። የሜንዴል የግል ወረቀቶች አብዛኛዎቹ ከሞተ በኋላ እንደተቃጠሉ ይነገራል። ነገር ግን ጀርመን አገር ለነበረው ለካርል ኔጌሊ የላካቸው ደብዳቤዎች በተቀባዩ እጅ ቀርተው ስለነበር በ1905 ታተሙ። ከቤቱ የጠፋው ከሰው ቤት ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ወሬን ማጣራት ነው። ዳርዊን የሜንዴልን ጽሑፍ ሳያነበው መደርደሪያው ላይ አስቀምጦት ነበር እየተባለ ብዙ ተወርቷል። የዳርዊን መጻሕፍት ሲፈተሹ ግን ጽሑፉ አልተገኘም። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም እንደሚባለው ነው።

ይህ ነገር እኛን በጣም ይመለከተናል። ብዙዎቻችን ትምህርት አቋርጠን ስንሰደድ የውጤት ወረቀታችን እዚያው ቀርቷል። “ተምሬያለሁ” ስንል “ማስረጃህስ?” እንባላለን። ወረቀት የሌለው ሰው ግን ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። አብሮን የተማረ ጓደኛ፣ ለእህታችን የጻፍነው ደብዳቤ፣ ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ እነዚህ ሁሉ ምንጮች ናቸው። ፈልጓቸው፣ አስቀምጧቸው።

መምህራን ሆይ፣ ይህን በክፍላችሁ ሞክሩት። ተማሪዎች “ትምህርት ቤታችን መቼና እንዴት ተጀመረ?” ብለው ሦስት ሰዎችን ለየብቻ ይጠይቁ። ቀን ያለበት አንድ ወረቀትም ይፈልጉ። ቃሎቹ የት ይስማማሉ? የት ይለያያሉ? ለምን? ያገኙትን ሲጽፉ ማን እንደነገራቸውና መቼ እንደነገራቸው አብረው ይጻፉ።

ለዚያ ተማሪም መልሳችን ይኸው ነው፦ ያወቅነው ሰው ጽፎ ስላስቀመጠ፣ ሌላውም ፈልጎ ስላመሳከረ ነው። አንተም ደብተርህ ላይ ቀን መጻፍ አትርሳ።