ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃንና የወላጆቹ ድርሻ

በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ማሻ በተዘረጋው ዝናብ በማይለየው የደን ምድር፣ ላይኛው ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን የተወለደ እንደ ሆነ፣ እልልታው ተቋርጦ ቤቱን ዝምታ ይወርሰዋል፤ እናቲቱ አራስ ጠያቂ በመጣ ቁጥር የልጅዋን ፊት በነጠላዋ ትከልላለች፣ አባትየውም በገበያ ቀን ስለ ልጁ ለሚጠይቀው ወዳጁ መልሱን ያሳጥራል። ይህ መሸሸግ ከፍቅር ማነስ የሚመጣ ሳይሆን ልጁን ከሰው አፍና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ከሚደረግ የወላጅ ጭንቀት የሚመነጭ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ስንጥቁ በራሱ ያልገደለውን ልጅ መሸሸጉ የሚያስከትለው ረኃብና መዘግየት ሊገድለው ይችላልና፣ ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ይኸው መጋረጃ ነው። ሐኪሙ ከንፈሩን ለመግጠም የሚፈጅበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ወራትና ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን የእናትና የአባት ናቸው።

ነገሩ የሚጀመረው እናቲቱ መፅነስዋን በቅጡ ሳታረጋግጥ ነው። የሰው ፊት በማኅፀን ውስጥ አንድ ወጥ ሆኖ አይሠራም፤ ከግራና ከቀኝ፣ ከላይም የሚመጡ ልዩ ልዩ ክፍሎች ወደ መካከል እያደጉ ይገናኙና ይዋሐዳሉ፤ ከንፈር በ4ኛውና በ7ኛው ሳምንት መካከል፣ ላንቃም እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ተጋጥሞ ያልቃል። ከእነዚህ አንዱ ወገን ሌላው ዘንድ ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነ ክፍተቱ በዚያው ይጸናል። በዓለም ላይ ከ700 ያህል ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ወይም ሁለቱም ሳይገጥሙ ይወለዳል፤ የከንፈሩ ስንጥቅ ከሴት ይልቅ በወንድ፣ ከቀኝ ይልቅ በግራ ወገን ይበዛል። የዘር ውርስ፣ የፎሊክ አሲድ ማነስ፣ በእርግዝና ወራት የተወሰዱ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ የትምባሆ ጢስም ምክንያት ከሚባሉት ውስጥ ይቈጠራሉ፤ ለአብዛኛው ሕፃን ግን ይህ ነው ተብሎ በጣት የሚጠቆም ምክንያት አይገኝለትም። በወንጌል ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በጠየቁ ጊዜ፣ የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ የተመለሰላቸውን ያነበበ ሰው፣ በጎረቤቱ ቤት የተወለደውን ልጅ በእርግማን ለመተርጐም ባልደፈረ ነበር።

ለቀዶ ሕክምናው የሚደረገው እውነተኛ ዝግጅት ጡት ማጥባት ነው። ከንፈሩ ብቻ ተሰንጥቆ ላንቃው ደኅና የሆነ ሕፃን ብዙ ጊዜ መጥባት ይችላል፤ የጡቱ ሥጋ ራሱ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ እናቲቱም በአውራ ጣቷ ደገፍ ብታደርገው አየር እንዳይገባ ይረዳዋል። ላንቃው የተከፈተ እንደ ሆነ ግን አፉና አፍንጫው ስለ ተገናኙ ወተቱን ለመሳብ ኃይል አያገኝም፤ ጡቱን ይዞ ሲታገል ቆይቶ ይደክመውና ያንቀላፋል፣ እናቲቱም ጠግቦ የተኛ ይመስላታል። በዚህ አሳሳች እንቅልፍ ምክንያት እየመነመነ የሚሄደው ልጅ ነው እንግዲህ፣ ሆስፒታል ደርሶም “ክብደቱ አልሞላም” ተብሎ የሚመለሰው።

እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በፈላ ውሃ በተቀቀለ የቡና ሲኒ ውስጥ ወተቷን ታልባለች፤ ሕፃኑንም በጭኗ ላይ ቀና አድርጋ ታስቀምጠውና የሲኒውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ታሳርፋለች። ወተቱን ወደ አፉ አትገለብጠውም፤ እስከ ምላሱ ጫፍ ታደርስለትና እርሱ ራሱ እየላሰ እንዲወስድ ትጠብቀዋለች። ከወተቱ ጋር ብዙ አየር ይውጣልና በየመካከሉ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ታስገሳዋለች፤ ጥቂት ወተት በአፍንጫው ተመልሶ ቢወጣ፣ ልጁን ካላነቀው በቀር፣ የሚያስደነግጥ አይደለም። አንዱ ማጥባት ከ30 ደቂቃ የበለጠ እንደ ሆነ ሕፃኑ የሚያገኘውን ያህል በድካም ያጠፋዋልና፣ አሳጥሮ መደጋገም፣ በመዓልትና በሌሊት ከ8 ጊዜ ያላነሰ መመገብ ይሻላል። ክብደቱን በየሳምንቱ በጤና ኬላ ማስመዘን ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም የጨመረ ሕፃን ደኅና ነው።

በዚህ ጊዜ አዋቂ ነን ባዮች መምጣታቸው አይቀርም። አንዱ ለአራሱ ልጅ ቅቤ አውጡት ይላል፣ ሌላው ማር፣ ሦስተኛውም “እንጥሉ ነው የማያስጠባው” ብሎ ምላጭ የያዘ ሰው ይጠቁማል። ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባ፣ ማሩ ዓመት ላልሞላው ልጅ መርዝ ሊሆን፣ የእንጥል መቁረጡም ደም አፍስሶና ቁስል አመርቅዞ ልጁን ሊያሳጣ ይችላል፤ ላንቃው ክፍት በሆነ ልጅ ላይ ምላጭ ማስገባት ደግሞ ሐኪሙ ወደፊት ሊሠራበት የሚገባውን ሥጋ ማበላሸት ነው። አማትን ወይም አያትን እንቢ ማለት በአገራችን ቀላል ነገር እንዳይደለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንቢታው የአባትየው ሥራ ቢሆን መልካም ነው።

ጊዜውን ለመወሰን ሐኪሞች ከረጅም ዘመን ጀምሮ የሚመሩበት አንድ ቀላል ሥርዓት አለ፤ ይኸውም ዕድሜው 10 ሳምንት፣ ክብደቱ 10 ፓውንድ፣ ማለት 4 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ የደሙም ሄሞግሎቢን 10 ግራም በዴሲ ሊትር እንዲደርስ ነው። 10 ሳምንት 70 ቀን ስለ ሆነ፣ ወንዱ በ40 ቀኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ የሚደርስ ነው፤ ሴቲቱም 80 ቀኗን ብትጠብቅ፣ ቀዶ ሕክምናው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ቢደረግ ምንም አይጎድልበትምና፣ “ሳትጠመቅብኝ” የሚለው ስጋት ከሐኪሙ ቀጠሮ ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለም። የደሙ ነገር ግን በዚህ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ በቴፒና በበበቃ ቆላማ ቦታዎች ወባ የሕፃናትን ደም ስለሚያሟጥጥ፣ እናትና ልጅ ሌሊት ሌሊት ከአጎበር ውስጥ ማደራቸው የቀዶ ሕክምናው ዝግጅት አንድ ክፍል ነው። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶችም ሊያተኩሱት ስለሚችሉ፣ መቼ እንደ ተከተበ ካርዱን ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል።

አንድ ሌላ ችግር ደግሞ አለ፣ እርሱም የቡናው ለቀማ ወራት ነው። በዚህ አገር ገንዘብ የሚገኝበትና እጅ የማይፈታበት ጊዜ አንድ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቡናውን ትቶ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ለገበሬ የዓመት እንጀራውን መሬት ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ በለቀማው ጊዜ የሚተኩትን ዘመዶችና የደቦ ባልንጀሮች አስቀድሞ መለመን ያሻል።

የሕክምናው የመጀመሪያ በር በሚዛን አማን የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ተመርምሮ የሪፈር ወረቀት የያዘ ልጅ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ወይም ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። በአዲስ አበባ የታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው፤ ይህም በመጀመሪያ ቤተ ሳይዳ የተባለው ሆስፒታል ሲሆን፣ ያን የመጀመሪያ ስሙን ያገኘው በወንጌል 38 ዓመት የታመመው መፃጉዕ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ከቆየባት መጠመቂያ ነው። ዛሬ የሚያወርድ ሰው አልጠፋም፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስማይል ትሬይን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ውስጥ ለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ወጪ ይሸፍናል፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኦፕሬሽን ስማይልም በጅማ ሐኪሞችን እያሰባሰበ ሲሠራ ቆይቷል፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፕሮጀክት ሐረር ደግሞ የገጠር ሕሙማንን ወደ ሕክምና ያደርሳል። ብዙ ወላጆች ክፍያውን ፈርተው የሚቀሩት ቀዶ ሕክምናው ለልጃቸው በነፃ ሊደረግ እንደሚችል የነገራቸው ስለሌለ ነው። ብቻ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በጤና ባለሙያው በኩል በስልክ ቀኑን ማረጋገጥ፣ እናቲቱ ቤንችኛ ወይም ከፍኛ እንጂ አማርኛ የማትሰማ እንደ ሆነም የሚያስተረጉም ዘመድ ማስከተል ያስፈልጋል።

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ የሚነገረው ትእዛዝ ሁሉ ይረሳ ቢባል አንዱ አይረሳም፤ እርሱም የጾሙ ነገር ነው። የላም ወይም የዱቄት ወተት ከማደንዘዣው 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። ልጁ ሲያለቅስ የአያቲቱ አንጀት አይችልምና፣ “ጥቂት ብታርስለት ምን ይሆናል” ብላ በጓዳ በኩል ትሰጠው ይሆናል፤ ያች ጥቂት ወተት ግን በማደንዘዣው እንቅልፍ ጊዜ ከሆዱ ተመልሳ ወደ ሳንባው ከገባች ልታንቀው ትችላለች። ተሰጥቶት እንደ ሆነ መደበቅ አይገባም፤ ነግሮ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ፣ ቀኑንም ቢሆን ማዛወር ይሻላል። ሳልና ትኩሳት ያለበትም ልጅ እንዲሁ ይቆያል።

ብዙ ሰው የቀዶ ሕክምናውን ሥራ የተቀደደ ጨርቅን ጠርዝ ለጠርዝ እንደ መስፋት አድርጎ ያስበዋል፤ እንዲያ ቢሆን ከንፈሩ አጥሮ ወደ ላይ በተሰቀለ ነበር። ሐኪሙ አስቀድሞ በቀለም ጥቃቅን ነጥቦች አኑሮ፣ ደኅናውን ወገን ከተሰነጠቀው ጋር በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ከዚያም አንደኛውን ወገን ወደ ታች አዙሮ፣ ሌላውን ወደ መካከል አምጥቶ፣ አፍን የሚከበውንና በስንጥቁ ምክንያት የተቋረጠውን ጡንቻ ይቀጥላል፤ ውስጡን፣ ጡንቻውንና ቆዳውን በየተራ ይሰፋል። ይህን ጥበበ እድ የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን በዘመቱባት በኮርያ ሳለ ያሰበውና በ1955 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ጉባኤ ላይ ያሰማው አሜሪካዊው ሐኪም ራልፍ ሚላርድ ነው።

ልጁ ሲነቃ ከንፈሩ አብጦ፣ ምራቁም ቀላ ብሎ ይታያል፤ እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ ይቀንሳል። በጥንቷ ቻይና፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ዌይ ያንግ ቺ የተባለ ወጣት ከንፈሩ በተሰፋ ጊዜ 100 ቀን ሳይስቅና ሳይናገር ቀጭን አጥሚት ብቻ እየጠጣ እንዲቆይ ታዝዞ እንደ ነበር ይተረካል፤ የዛሬው ሕፃን ግን ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን፣ ጡቱን ወይም ሲኒውን ያገኛል። ቁስሉን እንዳይነካ ክንዱ እንዳይታጠፍ የሚያደርግ እጅጌ ይለብስ ይሆናል፤ እናት አዝና እንዳትፈታለት። በሆዱ አይተኛም፣ ጡጦና ማንኪያም ሐኪሙ ሳይፈቅድ ወደ አፉ አይገቡም። ቁስሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ጥጥ ነካ ነካ እየተደረገ ይጸዳል እንጂ አይፈተግም፤ የማይሟሟው ክር ከ5 እስከ 7 ቀን ይወጣል።

በተለይ መነገር ያለበት የቡናው ነገር ነው። ደም በታየ ጊዜ የተፈጨ ቡና መነስነስ የቆየ ልማዳችን ነው፤ በቡና አገር ደግሞ ሙቀጫው ከእጅ አይርቅም። በሕፃኑ ከንፈር ላይ ግን ቡና፣ ዐመድ፣ ቅቤ፣ ቅጠልም ቢሆን አይደረግበትም፤ ደም ብልጭ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብሎ ይጫኑታል። ደሙ እንቢ ካለ፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ቁስሉ ከሸተተ፣ መግል ካበጀ ወይም ከተከፈተ፣ ልጁ አልጠባም ካለ ወይም ሽንቱ ካነሰ፣ ትንፋሹም ካጠረው፣ ሌሊት ነው ሳይባል ወደ ጤና ተቋም ይሄዳሉ። የቡናው ጢስና ዕጣኑም እንዳያስለው ከመኝታው ይራቅ።

ወላጆች አስበውት የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ አንዳንዷ እናት ልጅዋን ከቀዶ ጥገናው ክፍል ስትቀበል ደስ ከመሰኘት ይልቅ ታለቅሳለች፤ ያንን ሰፊ ፈገግታ ለምዳው፣ ወድዳውም ነበርና፣ አዲሱ ፊት የሌላ ልጅ ይመስላታል። ይህ በቀናት ውስጥ የሚያልፍ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ጠባሳውም እንዲሁ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ወራት ቀልቶና ጠጥሮ ስለሚታይ “ሥራው ተበላሸ” ያሰኛል፤ እስከ ዓመቱ ድረስ ግን እየለሰለሰና እየደበዘዘ ይሄዳል፣ እስከዚያው ከፀሐይ በቆብ መከለል ይበቃዋል።

ላንቃውም የተከፈተ እንደ ሆነ፣ ከንፈሩ የገጠመለትን ልጅ ያየ ሁሉ “ዳነ” እያለ ስለሚመርቅ ሁለተኛው ቀጠሮ ይዘነጋል። ላንቃው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ካልተዘጋ ግን ንግግሩ በአፍንጫው ይወጣል፣ ጆሮውም እየታመመ መስማቱ ይደክማል፤ የድዱ አጥንት ክፍት የሆነበትም ከ7 እስከ 11 ዓመቱ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አባትየው ከሆስፒታሉ ከመውጣቱ በፊት የላንቃውን ቀጠሮ በክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ያስጽፍ፣ የሚደወልበትን ስልክም ይያዝ፤ ቀኑ በለቀማው ወራት የዋለበት እንደ ሆነም፣ እሺ ብሎ ሄዶ ከሚቀር፣ እዚያው ቆሞ ሌላ ቀን ይጠይቅ።