የተለየ ምግብ የሚያስፈልገው ሰው በጣና ጀልባ ላይ

ዛሬ የምናነጋግራችሁ ትንሽ ስለሚመስል አንድ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ዓመቱን ሙሉ ከፋይልና ከማኅተም ጋር ሲታገል ቆይቶ የዓመት ዕረፍቱን በተቀበለ ጊዜ፤ ወይም ለስብሰባ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ እሑድ ቀን ከሥራ ነጻ በሆነ ጊዜ፤ ልቡ ወደ ጣና መሳቡ አይቀርም። ጓደኞቹ ገንዘብ ያዋጡና አንድ የሞተር ጀልባ ተከራይተው ጧት በሁለት ሰዓት ወደ ዘጌ ይነሣሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዱ የስኳር ሕመምተኛ፤ ሁለተኛው የደም ብዛት ያለበት፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ስንዴ የማይስማማት ብትሆን፤ እነዚህ ሰዎች ምን ይበላሉ? በስንት ሰዓትስ ይበላሉ? ገመዱ ከወደቡ ከመፈታቱ በፊት ይህን ያሰበ ሰው አለን?

በውቅያኖስ ላይ በታላላቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚሄዱ መንገደኞች የማይስማማቸውን ምግብ ከጉዞው ብዙ ሳምንት አስቀድመው ለመርከቡ ኩባንያ በጽሑፍ ያስታውቃሉ። መርከቡ የራሱ ወጥ ቤት፤ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ ሐኪም ስላለው የመንገደኛው ድርሻ መናገርና ማስታወስ ብቻ ነው። የጣና ጀልባ ግን ሞተር፤ አግዳሚ ወንበርና የፀሐይ መከለያ ያላት ናት እንጂ ምድጃ የላትም። ስለዚህ በውቅያኖስ ላይ ወጥ ቤቱ የሚሠራውን ሥራ በጣና ላይ ሕመምተኛው ራሱ ከዋዜማው ጀምሮ ሊሠራው ይገባል።

አስቀድሞ የሚታሰበው የሰዓት ነገር ነው። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ናርጋ ሥላሴን ለማየት እስከ ደቅ ደሴት የሚዘልቅ ግን ለመሄድ ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ሊፈጅበት ይችላል። ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ሲመላለስ የኖረው የሕዝብ ጀልባ እንኳ መንገደኞቹን በቁንዝላ አሳድሮ በማግሥቱ ነበር የሚያደርሳቸው። ከዚህም በላይ ጣና በጧት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ሳለ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ጀልባም ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞተር ይጠፋል። ጤነኛ ሰው ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ይርበውና ያጉረመርማል። ለሕመምተኛው ግን ሁለት ሰዓት ሌላ ትርጉም አለው።

ይህን ለማስረዳት አንድ ሰው በሐሳባችን እንሣል። ዕድሜያቸው ወደ 50 ዓመት የተጠጋ የሒሳብ ሹም ናቸው እንበል። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ስድስት ዓመት ቢሆንም ከባለቤታቸውና ከሐኪማቸው በቀር የሚያውቅ የለም። በቢሮ ውስጥ «ሕመምተኛ ናቸው» እንዳይባሉና ዕድገት እንዳያልፋቸው ይሰጋሉ። ጧት በሆቴላቸው ክፍል ኢንሱሊናቸውን ከወጉ በኋላ «ጀልባው ሊነሣ ነው» ስለ ተባሉ አንድ ሲኒ ሻይ ብቻ ፉት ብለው ይሮጣሉ። ምሳ በስድስት ሰዓት ዘጌ ላይ ይበላል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ጓደኞቻቸው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው ደስ ስላላቸው «ከመጣን አይቀር እስከ ደቅ እንሂድ» አሉ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ነፋሱም ተነሣ። የሒሳብ ሹሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፤ ግንባራቸው ያልበው፤ ንግግራቸው ይደነቃቀፍ ጀመር። አንዱ «ማዕበሉ ነው ያዞራቸው» አለ፤ ሌላው «ትናንት ማታ አምሽተው ነበር» ብሎ አሳቀ። ሰውየው ግን በዚያች ሰዓት ሕይወታቸው በአደጋ ላይ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በጥር 1914 ዓ.ም በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጠ ወዲህ ስፍር ቍጥር የሌለውን ሰው ከሞት አድኗል። ሆኖም ምግብ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠብቅም፤ ከተወጋ ሥራውን ይሠራል። በአገራችን ብዙ ሰው የሚውጠው ግሊቤንክላማይድ የተባለው እንክብልም እንዲሁ ነው። ምግብ ሲዘገይ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ አእምሮም የሚመገበውን ያጣል። መንቀጥቀጥ፤ ላብ፤ የልብ ምት መፍጠን፤ ድንገተኛ ረኃብ፤ ቍጣና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ከጠጣ ሰው ጋር መመሳሰሉ ብዙዎችን አሳስቷል።

መፍትሔውም በጣም ርካሽ ነው። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፤ ማርም ቢሆን ይሠራል፤ ጎጃም ደግሞ ማር የሚታጣበት አገር አይደለም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ይደገምለታል፤ ሲሻለውም ዳቦ ወይም እንጀራ ይበላል። «ስኳር ለስኳር ሕመምተኛ መርዝ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ግን በዚህች ሰዓት ሰው ይገድላል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ስኳሩ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል መለየት ያልተቻለ እንደ ሆነ፤ መዋጥ ለሚችለው ሰው መስጠቱ ይሻላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም እንዳይገባ። በጎኑ አስተኝቶ ጀልባውን ወደ ቅርቡ ዳር ማዞርና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። በባሕር ዳር ከተማ እንደ ፈለገ ሕይወት ያሉ ሆስፒታሎች አሉ።

እንግዲህ እርስዎ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ የሚያስፈልግዎን ምግብ እጥፍ አድርገው ይያዙ። ለአንድ ምሳ የሚበቃውን ሳይሆን ጀልባው ቢዘገይ እራት የሚሆነውን ጭምር። ቀስ ብሎ ለሚፈጨው የሽምብራ ቆሎ ጥሩ ነው፤ ለድንገተኛው ደግሞ ጥቂት ስኳር በወረቀት ጠቅልለው በደረት ኪስዎ ያኑሩ። በሻንጣ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ሻንጣ ከመቀመጫ ሥር ይገባና በሚፈለግበት ጊዜ አይገኝም። መድኃኒትዎንም በሁለት ቦታ ይክፈሉት። ኢንሱሊን ገና ያልተከፈተ እንደ ሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በሥራ ላይ ያለው ግን አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ ቀላል አይደለችም። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉትና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ያኑሩት። ውኃው ሲተን ያቀዘቅዛል፤ ገጠር የሚኖሩ ሕመምተኞች በእርጥብ ሸክላ የሚጠቀሙት ይህንኑ ጥበብ ነው። በሞተሩ ክዳን ላይ ማስቀመጥ ያቃጥለዋል፤ ከበረዶ ጋር ማነካካትም ያበላሸዋል።

የደም ብዛት ያለበት ሰው ነገር ከዚህ ይቀልላል፤ ነገር ግን ጨው በተደበቀበት ቦታ ይመጣበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። ሚጥሚጣ ከጨው ጋር ይደለዛል፤ በርበሬውም ብዙ ጊዜ ጨው አለበት፤ ከሱቅ የተገዛ ቆሎም እንዲሁ። እዚህ ላይ ሰዎች አፍረው የማይናገሩትን አንድ ነገር እንናገር። ትንንሾቹ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ መጸዳጃ የላቸውም። ስለዚህ ሽንት የሚያበዛ እንክብል የሚወስዱ ሰዎች በሽርሽሩ ቀን መድኃኒቱን ይተዋሉ፤ ውኃም አይጠጡም። ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መመካከርና የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ሲቻል፤ ራስን በውኃ ጥም በፀሐይ ላይ ማድረቅ ምን ይሉታል? በየመውረጃው ለመቆም ከጀልባ ነጂው ጋር አስቀድሞ መስማማት ነውር አይደለም።

ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች በአገራችን ብዙ ጊዜ «ሆዱ ደካማ ነው» ተብለው ይታለፋሉ። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ቪለም ዲከ የተባለው የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሕፃናቱን ሕመም ከስንዴ ጋር አያይዞ ካጠናው ወዲህ፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር የእነዚህን ሰዎች አንጀት እንደሚጎዳ የታወቀ ሆኗል። ጤፍና ዳጉሳ ግሉተን የላቸውም፤ ይህም ለኢትዮጵያዊ ታላቅ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። ከጣና በስተምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ስለሚመረት በዚያ አካባቢ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ይጋገራል። ሩዙ ለእነዚህ ሰዎች አይጎዳም፤ ገብስ ወይም ስንዴ የተጨመረበት እንደ ሆነ ግን ይጎዳል፤ በዓይን አይቶ መለየትም አይቻልም። የሚያሳዝነው የመንገድ ስንቃችን ዋና ዋናው ለእነርሱ የተከለከለ መሆኑ ነው፤ በሶውና ጭኮው ገብስ ነው፤ ዳቦ ቆሎውም ስንዴ ነው። ጠላም ብቅሉ ከገብስ ሊሆን ስለሚችል «መጠጥ ነው እንጂ እህል አይደለም» ተብሎ የሚጠጣ አይደለም። የተቀቀለ ድንች፤ የሽምብራ ቆሎ፤ ሙዝና ከታወቀ ቤት የተጋገረ የጤፍ እንጀራ ይያዙ።

ወደ ጣና ሄዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ የማይሆንላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኛም ከእነርሱ ወገን ነን። ለስኳርም ሆነ ለደም ብዛት ሕመምተኛ ቀረሶ መልካም ምግብ ነው፤ ጨው ሳይበዛበትና በዘይት ሳይዋኝ የተጠበሰ እንደ ሆነ። ዓሣ የሚያሳክከውና የሚያሳብጠው ሰው ግን ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ድንች እንዳይጠበስለት ይጠይቅ። ጥሬውን ዓሣ ለማንም አንመክርም። የሐይቁንም ውኃ እንዲሁ፤ ከመሐል የተቀዳ ቢሆንም ሳይፈላ ሊጠጣ አይገባም፤ በዳርቻው ደግሞ የቢልሃርዝያ ሕዋስ ስላለ እግርን ነክሮ መቀመጥ እንኳ የሚያስጠነቅቅ ነው።

ጾም ሌላው ነገር ነው። በዓቢይ ጾም፤ በረቡዕና በዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ የስኳር ሕመምተኛ በጀልባ ላይ የሚደርስበትን ከላይ ከተናገርነው መገመት ይቻላል። ከመነሣቱ በፊት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ለእስላም ወገኖቻችንም ቁርኣን ለሕመምተኛና ለመንገደኛ የረመዳንን ጾም በሌላ ቀን እንዲያሟሉ መፍቀዱ የታወቀ ነው።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ ግን ጥንቃቄውን የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሰው ደግነት ነው። በዘጌ በቡናው ጫካ ውስጥ ሲሄዱ ቡና የሚያፈላ ቤት አይታጣም። በሲኒው ስኳሩ አስቀድሞ ተደርጎ፤ ቡናው ተቀድቶ ይቀርባል። ባለቤቲቱም «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይላሉ። የመሥሪያ ቤት ሰው በዚህን ጊዜ እውነቱን ከመናገር ይልቅ «ጾም ነኝ» ማለት ይቀልለዋል፤ እርሳቸውም የጾም ነው ብለው ጨው የበዛበት ሽሮ ያቀርቡለታል። «ሆዴን አሞኛል» ቢል ደግሞ ማር የገባበት ሻይ ይመጣለታል። ውሸቱ ከአንዱ ጉድጓድ አውጥቶ ወደ ሌላው ይከተዋል። «እናቴ፤ ስኳር ስላለብኝ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ቡናውን ያለ ስኳር ይስጡኝ» ያለ እንደ ሆነ ግን አብዛኞቹ አስተናጋጆች ይደነግጣሉ፤ ያዝናሉ፤ ሲኒውንም አጥበው እንደገና ይቀዳሉ። «እኔም አለብኝ» የሚሉም ይገኙ ይሆናል።

ለሆቴሉም ወጥ ቤት እንደዚሁ በግልጽ ይነገር። «ለጤና የሚስማማ ምግብ ሥሩልኝ» ማለት ምንም አልነገሩም ማለት ነው፤ ወጥ ቤቱ ሥጋውን ያሳንስና ጨውን እንዳለ ይተወዋል። «ጨው አይግባበት፤ በርበሬም አይግባበት፤ እንጀራው የጤፍ ብቻ ይሁን፤ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ይድረስልኝ» ብለው በዋዜማው ማታ ይንገሩ፤ ቢቻል በወረቀት ጽፈው ይስጡ። ሳጥኑ ሲመጣም ከጀልባው ከመግባትዎ በፊት ከፍተው ይዩት። ከወደቡ ላይ ሆኖ መልሶ ማስለወጥ ይቻላል፤ ከደቅ ላይ ሆኖ ግን አይቻልም።

ያ የሒሳብ ሹም የጎደላቸው ከሁሉ የሚቀልለው ነገር ነበር። ከጎናቸው ለተቀመጠው አንድ ሰው «ወንድሜ፤ ስኳር አለብኝ፤ ስንቀጠቀጥ ካየኸኝ በደረት ኪሴ ያለውን አጠጣኝ» ቢሉት ኖሮ ሳቁ ባልነበረ። ለአለቃ ወይም ለመላው መሥሪያ ቤት መናገር ግድ አይደለም፤ አንድ ሰው ይበቃል። በዚያው ኪስ ውስጥ የሕመሙ ስም፤ የመድኃኒቱ ስምና ልክ፤ የሐኪሙም የስልክ ቍጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይኑር።

ማታ ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ፤ ቀኑን በእግር የዘጌን ዳገት የወጣ ሰው ስኳር በሌሊትም ሊወርድ ስለሚችል፤ ከእራት በፊትና ከመኝታ በፊት ይለኩ። ከጓደኞችዎ ጋር በሐይቁ ዳር ተቀምጠው መጠጥ ቢቀርብልዎ ደግሞ የአልኮል መጠጥ ስኳሩን ይብሱን ዝቅ እንደሚያደርገው አይርሱ። ጧት የያዙት ቆሎ ተርፎ እንደ ሆነ ከራስጌዎ ያኑሩት።