ክብረ ነገሥትን ከመጨረሻው ገጽ መጀመር

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ንግሥተ ሳባ እውነት ኢየሩሳሌም ሄዳለች ወይ?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? አንዳንዱ «ተረት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «መጽሐፍ ያለውን አትጠራጠር» ይላል። ሁለቱም መልስ ልጁን ዝም ያሰኘው እንደሆን እንጂ ታሪክ አያስተምረውም።

የታሪክ ጸሐፊዎች ክብረ ነገሥትን ሲይዙ የሚነሡት ከሌላ ጥያቄ ነው። ይህን መጽሐፍ ማን ጻፈው? መቼና ለማን ብሎ? 117 ምዕራፍ ያለው ይህ መጽሐፍ ንግሥት ማክዳ ከሰሎሞን ልጅ እንደወለደችና ልጁም (እኛ ቀዳማዊ ምኒልክ የምንለው) ታቦተ ጽዮን ወደ አገራችን ስትመጣ አብሮ እንደ መጣ ይተርካል። ለብዙ መቶ ዓመታት የዘውድ መሠረት ሆኖ የኖረ ሰነድ ነው።

ታዲያ ዋናው ፍንጭ ያለው በትረካው ውስጥ ሳይሆን፣ ከትረካው በኋላ በገባችው አጭር የተርጓሚ ማስታወሻ ላይ ነው። ተርጓሚው የአክሱሙ ይስሐቅ፣ መጽሐፉ ከቅብጥ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በላሊበላ ዘመን ነው ይላል። ያን ጊዜ ወደ ግዕዝ ለምን አልተመለሰም? ምክንያቱን ራሱ ይነግረናል፤ ከእስራኤል ወገን ያልሆነ ሰው ቢነግሥ ሕግ መጣስ ነው የሚል መጽሐፍ በዛጔዎች ዘመን እንዴት ይወጣል! እንዲህ ፍርጥ ያለ ቃል ከአሮጌ ሰነድ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም።

ይኩኖ አምላክ ዛጔዎችን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1270 ነው። ይስሐቅ የሠራው ደግሞ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314-1344) ዘመን ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሊቃውንት መጽሐፉን የአዲሱ ሥርወ መንግሥት የርስት ማስረጃ አድርገው ያዩታል።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ማስታወሻው የሚያነሣው ገዢ ያዕቢከ እግዚእ በዓምደ ጽዮን ላይ ሸፍቶ የተሸነፈ የሰሜን ሹም ነው። ታዲያ መጽሐፉ የተሰናዳው ለንጉሡ ነው ወይስ የአክሱምን ክብር ለራሱ ለሚሻው ሹም? ለሹሙ ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች የንጉሥ ካሌብና የሮም ንጉሥ ነገር መነሣቱን አይተው፣ እንብርቱ የ6ኛው ምዕተ ዓመት ነው ይላሉ፤ ኢርፋን ሻሂድ ይህን ሐሳብ በ1976 እ.ኤ.አ. አቅርቧል። የቅብጡ መነሻ እስከ ዛሬ ስላልተገኘ ክርክሩ አልተቋጨም። በእኔ ግምት አሮጌ ትረካ ለአዲስ ጉዳይ መዋሉ የሚያስደንቅ አይደለምና ሐሳቦቹ የግድ አይጣሉም።

ሰነድ ከተጻፈ በኋላም ሥራው ይለዋወጣል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ወደ ለንደን ጽፈው ይመለስልኝ አሉ። ደብዳቤው ስለ ሰሎሞን አያወራም። የአገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በዚያ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም ነው ያሉት። ለንጉሡ መጽሐፉ መዝገብም ነበር ማለት ነው! መጽሐፉም ተመለሰላቸው።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ ኋላም በ1948ቱ፣ ያው የዘር ሐረግ በአንቀጽ ተጽፎ ሕግ ሆነ። ትረካው በሕግ አንቀጽነቱ የቆየው ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን እስኪወርዱ ነው።

የግዕዙን ጽሑፍ ካርል ቤዞልድ እ.ኤ.አ. በ1905 አሳትሞታል። የይስሐቅ ማስታወሻ እዚያው መጨረሻው ላይ አለች። ግዕዝ የሚያውቅ ሠልጣኝ ተርጉሞ ለጓደኞቹ ቢያነብላቸው፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ውይይት ትበቃለች።