ልብ የማይገፋው ፈሳሽ

ወላይታ ሶዶ ላይ «ኦቶና» ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት ሆስፒታል ነው። እዚያ የሊምፍን ሥርዓት በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ፣ ሥርዓቱ ሲሰናከል ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ በወላይታ ዞን ቀበሌዎች ውስጥ አለ።

ልብ ደምን በግፊት ስለሚልክ፣ ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውሃና ፕሮቲን ወደ ሥጋችን ይሰርጋል። በአዋቂ ሰው ይህ በቀን 20 ሊትር ገደማ ነው። አብዛኛው እዚያው ወደ ደም ሥር ይመለሳል፤ 3 ሊትር ያህሉ ግን ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ማንም ባይሰበስበው ኖሮ ሁላችንም እናብጥ ነበር።

የሚሰበስቡት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው። ጫፋቸው ድፍን ነው፤ የግድግዳቸው ሕዋሳት ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው ከውጭ ፈሳሽ ሲበዛ ይከፈታሉ፣ ውስጡ ሲሞላ ይዘጋሉ። ሊምፍ የሚባለው ይህ ፈሳሽ የሚገፋው ልብ የለውም። የቧንቧው ግድግዳ ራሱ ይኮማተራል፤ ስንራመድ የባት ጡንቻ ይጨምቀዋል፤ ትንፋሽም ወደ ላይ ይስበዋል። በየመሀሉ ያሉ ቫልቮች ወደ ታች እንዳይመለስ ይይዙታል።

በመንገዱ ላይ ዕጢዎች አሉ፤ በመላ ሰውነት ከ500 እስከ 600 ይገመታሉ። ብሽሽት፣ ብብትና አንገት ላይ ይበዛሉ። እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት የሚያወጣው ዕጢው ከቁስሉ የመጣውን ተህዋስ ይዞ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን እያባዛ ስለሚዋጋ ነው። ከሁለቱ እግሮችና ከሆድ የሚመጣው ሊምፍ ደረት ውስጥ በሚያልፍ አንድ ዋና ቧንቧ ወጥቶ፣ በግራ በኩል ከአንገት ሥር ወደ ደም መልስ ይገባል። የአንጀት ቧንቧዎች ሥራ ደግሞ ለብቻው ይደንቃል፤ ከምግብ የተገኘውን ስብ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሰው ጮማ በዳጣ ከበላ ከሰዓታት በኋላ በእነዚህ ቧንቧዎች የሚያልፈው ሊምፍ ወተት ይመስላል።

የወላይታን እግር የሚያሳብጠው ግን አፈሩ ነው። ብሪታንያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት የተወሰዱ ዕጢዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ ውስጣቸው ሲሊካና አሉሚኒየም ያለባቸው ደቃቅ የአፈር ብናኞች አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር በቆዳ ሰርጎ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፤ ቧንቧው ይጠባል፣ በመጨረሻም ይደፈናል። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በትንኝ ከሚተላለፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት ይለያል፤ ያኛውን ትል ያመጣዋል፣ ይህኛው ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት አያልፍም።

አጀማመሩ ቀላል ይመስላል። የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው ጠዋት ይጎድላል። ቆይቶ ግን መጉደሉ ይቀራል። ቆዳው ይወፍራል፣ በጣቶች መካከል ይሰነጠቃል፣ የድንጋይ ሽበት የመሰሉ ጥቃቅን ኪንታሮቶች ያወጣል። በስንጥቁ ተህዋስ ሲገባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፤ ሰውየው ለቀናት ከእርሻው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የወላይታ ጥናት ከ100 ነዋሪ ከ5 በላይ የሚሆኑት በበሽታው መያዛቸውን አሳይቷል።

«ዘራቸው ነው» እየተባለ ስንት ጋብቻ ፈርሷል! ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩን አረጋግጧል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ብቻ ነው፤ እግሩ አፈር ካልነካው ሰው አይታመምም። በሽታው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሽተኛን ከማዕድ ማራቅ ፍጹም ግፍ ነው።

ሶዶ ላይ የተመሠረተው የሞሲ ፉት ማኅበር ለዓመታት ሲያስተምር የኖረው ሕክምና በየቤቱ የሚሠራ ነው። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በፀረ ተህዋስ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ይህ እንክብካቤ የሚያስተኛውን ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እግርዎ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ልጅዎንም መራመድ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ጫማ ያድርጉለት።