የዛር ድምፅ፣ የሽቦ መቅረጫ እና የጋምቤላ ቶም

ኤሌክትሮ-አኮስቲክ ሙዚቃ የተቀዳን ድምፅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየቆረጡ፣ እያጣሩና እያስተጋቡ አዲስ ድርሰት የሚሠሩበት ጥበብ ነው። ታሪኩ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፓሪስ ውስጥ ካቀረባቸው ሥራዎች ነው። ሆኖም ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ ከሬዲዮ ጣቢያ በተዋሰው የሽቦ መቅረጫ የዛር ሥርዓት ላይ የሚያዜሙ ሴቶችን ድምፅ ቀድቶ ድርሰት ሠርቶበታል። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል። የዚህ ሰው ሥራ የሚያስረዳው፣ የዘርፉ ዋና ሀብት አካባቢን በጥሞና የሚሰማ ጆሮ መሆኑን ነው። በዚህ ሚዛን ጋምቤላ ከማንም አታንስም።

ኤል-ዳብ የሠራው ነገር ፊዚክሱ ቀላል ነው። አንድ የዜማ ድምፅ ሲሰማ መሠረታዊው ንዝረት ብቻውን አይመጣም፤ ከላዩ የሚደረቡ ፈጣን ንዝረቶች አሉ። የድምፅን ለዛ የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ኤል-ዳብ መሠረታዊውን በማጣሪያ አስወግዶ ተደራቢዎቹን በማስተጋባት አጎላቸው። በጋምቤላ በአኙዋ ዘንድ የታወቀው ቶም ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በአውራ ጣት የሚመቱት ስስ ምላሶቹ፣ ማለትም ቅጠሎቹ፣ በአንድ ጫፍ ታስረው በሌላው ነፃ ናቸው። የክራር ጅማት በግማሽ ቢያጥር የንዝረቱ ፍጥነት 2 እጥፍ ይሆናል፤ ወጥ ውፍረት ያለው ቅጠል ግን በግማሽ ሲያጥር 4 እጥፍ ይደርሳል። የጅማት ተደራቢዎች የመሠረታዊውን 2፣ 3፣ 4 እጥፍ እያሉ ሲሰለፉ፣ የቅጠሉ የመጀመሪያ ተደራቢ ወደ 6.3 እጥፍ ይዘልላል። እንዲህ ያለውን ለዛ ጅማት አይሰጥም።

«ስቱዲዮ በሌለበት ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ ኖርዌያዊው አርነ ኑርድሃይም እንኳ ታዋቂ ኤሌክትሮኒክ ሥራዎቹን ለመሥራት በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋርሶ ወዳለው የፖላንድ ሬዲዮ ስቱዲዮ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ግን መቁረጡም ማጣራቱም በተራ ኮምፒውተር ይሠራል። ሌላው ስጋት ባህሉ ይበረዛል የሚለው ነው። መልሱን ኤል-ዳብ ራሱ በተግባር ሰጥቷል፤ ድምፅን በማሽን የለወጠው እጅ ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን በተፈጥሯቸው መድረክ ላይ ያሰለፈ ኦርኬስትራም አቋቁሟል። የሚበረዘው ዋናው ቅጂ ሳይቀመጥ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ቶምን የምትቀዱ ወጣቶች ሆይ፣ የስልካችሁን ጫጫታ ማጥፊያ ዝጉ፤ ተደራቢዎቹን ይበላቸዋልና። ድምፁን ሳይታመቅ አስቀምጡ፤ የተጫዋቹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ፤ ፈቃዱንም ጠይቁ። ድርሰቱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።