ሕመም የሌለው የዓይን ጠንቅ

እናትዎ ቡና ሲያቀርቡ በረከቦቱ ዳር ያለችውን ሲኒ በክንዳቸው ገፍተው ቢሰብሯት፣ ወይም ከታክሲ ሲወርዱ መርገጫውን ቢስቱት፣ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት። «ሞራ ነው፣ ይብሰልና ይገፈፋል» የሚል ጎረቤትም አይጠፋም። የዓይን ሞራ ብቻ ከሆነ፣ እርግጥ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ሲወገድ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ይመለሳል። ግላኮማ ከሆነ ግን አንዴ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ሞራው ይብሰል እያሉ ሲጠብቁ ዓይናቸውን የሚያጡት በዚህ የተነሳ ነው።

በዓይናችን ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ በዚያው ልክም ይወጣል። መውጫው ሲውክ ግፊቱ ይጨምርና ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዳር ከዳር ስለሆነ፣ ጋዜጣ እያነበቡ፣ በመርፌ ክር እያስገቡ ሳለ በሽታው ብዙ ርቆ ሊሄድ ይችላል። በአብዛኛው አያምም፣ አያቀላም። አንደኛው ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናልና ባለቤቱም አያውቅም። በድንገት ዓይንን ከራስ ጋር የሚፈልጥና የሚያስመልስ ዓይነትም አለ፤ ለዚህኛውስ ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሮጣል።

ብዛቱ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1988 በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ከ5 ሺህ የሚበልጡ ነዋሪዎች ተመርምረው ነበር። ከጥቁሮቹ መካከል ከ40 እስከ 49 ዓመት ባሉት ከመቶው በአንድ ሰው ያህል፣ 80 ዓመት በሞላቸው ደግሞ በ11 ያህሉ ላይ ተገኝቷል። ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር አራት አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። በሽታው ካለባቸው ግማሽ ያህሉ ስለመኖሩ አያውቁም ነበር። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውራን 5 ከመቶ ያህሉ በግላኮማ ምክንያት መታወራቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ 40 ዓመት ከሞላዎት፣ ይልቁንም እናትዎ፣ አባትዎ፣ ወንድምዎ ወይም እህትዎ ይህ በሽታ ካለባቸው፣ ዓይንዎን ያስመርምሩ። መነጽር ሲያሠሩ ፊደል ማንበብዎ ብቻ አይበቃም፤ ግፊቱ ይለካ፣ ነርቩም ይታይ።

ትልቁ ችግር ግን ከምርመራው በኋላ ይመጣል። ጠብታ ይታዘዛል፤ በየቀኑ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። ሕመምተኛዋ አንድ ወር ጨምራ «ምንም አልለወጠልኝም» ትላለች፤ ገንዘቡም ለልጆች ደብተር ይፈለጋልና ታቆመዋለች። በእሷ መፍረድ አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ጠብታው ምን እንደሚሠራ የነገራት የለም። ጠብታው የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ባለበት ከቆየ ሠርቷል ማለት ነው። ዋጋው ከከበደዎት ዝም ብለው ከሚያቆሙት ለሐኪሙ ይንገሩት፤ በሌላ መድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ሊረዳዎት ይችላል።

አስም ካለብዎትም አስቀድመው ይናገሩ፤ ቲሞሎል የተባለው ጠብታ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለልጅዎ ዓይን ማሳከክ ታዞ የተረፈ የዴክሳሜታዞን ጠብታ ካለም ደግመው ደጋግመው አይጠቀሙበት። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እሱው ራሱ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በሕፃን ላይም ቢሆን።