የአንድ ምላጭ ሒሳብ በአሰላ ፀጉር ቤት

የአሰላ ገበያ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስንዴና ገብስ ነው። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ይህች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና «ካዱ» በሚል ስሙ የሚታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት መናኸሪያ ነበረች። የብቅል ፋብሪካዋም የደጋውን ገብስ ለቢራ ጠማቂዎች በማዘጋጀት ስሟን አስጠርቷል።

ከዚሁ የእህል ገንዘብ የሚቀዳ አንድ አነስተኛ ንግድ ግን ብዙ ጊዜ አይወራለትም። ይኸውም የወንዶች ፀጉር ቤት ነው። አዝመራው ገብቶ የገበሬው ኪስ ሞላ ሲል፣ የሠርጉ ወር ጥር ሲደርስ፣ የእንቁጣጣሽ፣ የፋሲካ ወይም የኢድ ዋዜማ ሲሆን የፀጉር ቤቱ ወንበር ሥራ አይፈታም። ለመክፈት የሚጠይቀው ካፒታል አነስተኛ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ወንበር፣ መስተዋት፣ ቶንዶስና ጥቂት ዕቃ ካለ ሥራ ይጀመራል። መግቢያው ቀላል የሆነ ንግድ ደግሞ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ታዲያ በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረው ተመሳሳይ ዋጋ ከሚጠይቁ ፀጉር ቤቶች መካከል ደንበኛ ተመላልሶ የሚገባበት የትኛው ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዕቃው ሁሉ ርካሹ በሆነው በምላጩ ላይ ነው።

ስለቱ ለምን ይዶለዱማል?

ምላጭ ለአርሲ ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። በኦሮምኛ «ሃዱ» ይባላል፤ የሕፃናት ፀጉር ሲላጭም ሆነ ሽማግሌ ጺሙን ሲያስተካክል ሲያገለግል ኖሯል። ከውጭ የገባው፣ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈው ረጅም ምላጭ ደግሞ የጀርመኑ ሶሊንገንና የእንግሊዙ ሸፊልድ ዋነኛ ምርት ነበር።

ብረት ከፀጉር 50 ጊዜ ያህል የጠነከረ ሆኖ ሳለ በፀጉር መዶልዶሙ ሲያስገርም የኖረ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ምክንያቱን አሳይተዋል። ስለቱ ከፀጉር ጋር እየተፋተገ ብቻ ቀስ በቀስ አያልቅም፤ ፀጉሩ አጋድሎ ሲያገኘው ከጫፉ በዓይን የማይታዩ ስብርባሪዎች ይረግፋሉ። ብረቱ ወጥ ካልሆነ መሸረፉ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ምላጭ ከሌላው ቀድሞ መሞቱ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ የብረቱም የአያያዙም ጉዳይ ነው።

የረጅሙን ምላጭ ስለት የሚያቆዩ ሥራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቆዳ ቀበቶ ላይ ማቃናት ሲሆን ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ይደረጋል። ምላጩ በጠፍጣፋው ይተኛል፤ ጀርባው ከፊት ሆኖ ስለቱ ከኋላ ይከተላል። ጫፍ ላይ ሲደረስ በጀርባው ይገለበጣል እንጂ በስለቱ በኩል አይዞርም፤ በስለቱ ካዞሩት ቆዳውም ይቆረጣል፣ ስለቱም ይታጠፋል። ሠላሳ ወይም አርባ ጊዜ መመላለስ ይበቃል። ሁለተኛው በደቃቅ የመሳያ ድንጋይ ላይ መሳል ሲሆን ቀበቶው አልበቃ ሲል ብቻ የሚሠራ ነው። አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፤ ስለቱ ከፊት ይሄዳል። ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩን ይነካሉ፤ የስለቱን ማዕዘን የሚጠብቀው የጀርባው ውፍረት ነውና። ጀርባውን አንሥቶ የሚስል ሰው ምላጩን ወደ ቢላዋ ይለውጠዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጠላት ዝገት ነው። ከተላጩ በኋላ አጥቦ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቆና ጥቂት ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ የድንጋዩን ሥራ በእጅጉ ይቀንሳል።

ቆዳው ለምን ይቆጣል?

ደንበኛ የሚያኮርፈው በምላጩ ስም ወይም ዓይነት ሳይሆን በማግሥቱ አንገቱ ላይ በሚያየው ሽፍታ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ያለው ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ከሥሩ የተቆረጠው ጺም ጫፉ ሾሎ ሲያድግ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ቆዳውም እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮት ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይመግላል። በአሜሪካ በጥቁር ወንዶች ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት ችግሩ ከ45 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚያገኝ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለገበያ ሰው ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጂሌት ባለ ሁለት ስለቱን መላጫ ካወጣ ወዲህ የምላጭ ኩባንያዎች ውድድር ስለት በመጨመር ላይ ሆኖ ቆይቷል። አንዱ ስለት ጺሙን ሲስበው ቀጣዩ ከቆዳው በታች ይቆርጠዋል ነው የሚባለው። ለጥ ያለ ጺም ላለው ይህ ጥራት ሊሆን ይችላል። ለተጠቀለለ ጺም ግን ከቆዳ በታች መቆረጥ ራሱ የሽፍታው መነሻ ነው። ስለሆነም ውዱ ባለ ብዙ ስለት መላጫ ለአሰላ ደንበኛ የግድ የተሻለው አይደለም፤ አንድ ስለት ያለው፣ ነገር ግን ስል የሆነ ምላጭ ሊበልጠው ይችላል።

አሠራሩም ቀላል ነው። ጺሙ በሞቀ ውኃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይለሰልሳል፤ በተለይ በደጋው ብርድ፣ ጠዋት ላይ ይህ መዝለል የለበትም። ሳሙናው በብሩሽ በደንብ ይደፈቃል። ምላጩ ወደ 30 ዲግሪ ያህል አጋድሎ፣ ጺሙ ወደ በቀለበት አቅጣጫ፣ በአጭር በአጭሩ ይሄዳል። ቆዳውን አብዝቶ መወጠርና በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መመላለስ አይመከርም። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀባል። ሽፍታው የጠናበት ደንበኛ ደግሞ ለአራት ሳምንት ያህል ምላጭ ትቶ በቶንዶስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ቢቆረጥ ይሻለዋል። እዚህ ላይ «ዛሬ አልላጭህም» የሚል ባለሙያ የአንድ ቀን ገቢ ቢያጣም ደንበኛውን ያተርፋል።

የደጋ ውኃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል

የምላጭ ጉዳይ በሽፍታ ብቻ አያበቃም። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ለዓይን የማይታይ የደም ጠብታ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጎንደር ከተማ ፀጉር አስተካካዮች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናትም ስለዚህ ዓይነቱ አደጋ ያላቸው ዕውቀትና አሠራር ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል።

«በፈላ ውኃ ነክሬዋለሁ» የሚለው ማስተማመኛ አሰላ ላይ በተለይ ይላላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ፈላ ውኃ ውስጥ አንዴ ነክሮ ማውጣት የትም ቢሆን በቂ አይደለም፤ በደጋ ደግሞ ያንሳል። በበረኪና ማጽዳት ይቻላል፤ ባለ 5 በመቶው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ታጥቦ የጸዳው ምላጭ 10 ደቂቃ ይቆያል። ነገር ግን በረኪና ብረት ይበላል፤ በቀበቶና በድንጋይ የተደከመበትን ስለት ያበላሻል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የቆዳ ቀበቶው ነው። ቆዳ ደም ይመጣል እንጂ አይጸዳም፤ የአንዱን ደንበኛ ምላጭ ያቃና ቀበቶ ለሚቀጥለው ደንበኛ ምላጭ ይቀርባል።

ሒሳቡ ሲሠራ

እዚህ ላይ ውሳኔው የሒሳብ ይሆናል። አማራጩ ረጅሙን ምላጭ የመሰለው፣ ግን ተጣይ ምላጭ የሚገባበት እጀታ ነው። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ከነወረቀቱ ለሁለት ይሰበርና ግማሹ ለአንድ ደንበኛ ይውላል፤ ከዚያም ይጣላል። ዋጋ በየሱቁና በየጊዜው ስለሚለያይ ለስሌት ያህል አንድ ምላጭ 10 ብር፣ አንድ መላጨት 100 ብር፣ የሚወስደው ጊዜም 20 ደቂቃ ነው እንበል።

በዚህ ስሌት ለአንድ ደንበኛ የሚወጣው የምላጭ ወጪ 5 ብር፣ ማለትም የገቢው 5 በመቶ ነው። ረጅሙ ምላጭ ይህ ወጪ የለበትም። ይሁን እንጂ ለማቃናት 2 ደቂቃ፣ ለማጽዳት 10 ደቂቃ፣ በድምሩ 12 ደቂቃ ይፈልጋል። ሰልፍ በበዛበት በዋዜማ ቀን ባለ አንድ ምላጩ ባለሙያ በእነዚህ 12 ደቂቃዎች የሚያጣው ሥራ 60 ብር ያወጣል። ብዙ ምላጭ ገዝቶ እያፈራረቀ ይሥራ ቢባል ደግሞ ካፒታሉ ይጨምራል፤ ዝገቱና የቀበቶው ችግርም እንዳለ ይቀራል።

ሦስተኛው መንገድ ግማሹን ምላጭ ለሁለት ሰው መጠቀም ነው። የሚተርፈው 5 ብር ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚላጭ ደንበኛ ግን በዓመት 26 ጊዜ ይመጣል፤ 2,600 ብር ያስገባል። አንድ ሰው በሽፍታ ወይም በጥርጣሬ ምክንያት ሱቅ ቢቀይር የሚጠፋው ገቢ 260 ሙሉ ምላጭ፣ ማለትም ለ520 ደንበኞች የሚበቃ ግማሽ ምላጭ ይገዛ ነበር። በሽታው ቢተላለፍ የሚደርሰውን ጉዳት ግን ይህ ሒሳብ አያካትተውም።

ረጅሙ ምላጭ ታዲያ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በቤቱ ለራሱ ብቻ የሚጠቀምበት ሰው የማንም ደም አያሰጋውም፤ ጊዜውም የራሱ ነው። በጥንቃቄ ከያዘው ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። ለሕዝብ ወንበር ግን የሚያዋጣው ተጣዩ ነው።

የጅምላ ሻጩስ?

ትርፉ በመላጫው ሳይሆን በምላጩ መሆኑን የዓለም ገበያ ካወቀ ቆይቷል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተጣይ ምላጭ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ በስሙ የቆመው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተሸጠው በ57 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ደንበኛውን ያቆየው አንዴ የተገዛው እጀታ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚተካው ስለት ነበር።

ለአሰላ፣ ለበቆጂና ለዙሪያው ገበያ ዕቃ የሚያወርድ ነጋዴም ይህንኑ ቢመለከት ይጠቀማል። እጀታ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ምላጭ ግን በየሳምንቱ። ሲረከብ ወረቀቱ ያልተከፈተና ዝገት ያልነካው መሆኑን ማየት፣ ከእርጥበት ርቆ ማስቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ ካርቶን ጥቂቱን ለታወቀ ባለሙያ ሰጥቶ ማስሞከር ወጪው ትንሽ ነው። ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ደንበኛ በበኩሉ መብቱ ነውና ምላጩ ከነወረቀቱ ፊቱ ላይ ሲከፈት ይይ፤ ያገለገለውም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ሲጣል ይመልከት። ፀጉር ቤቱ ይህን ሳይጠየቅ ካደረገ የሚያወጣው 5 ብር ነው።